ሯጩ ዕረፍት ላይ ነው

ሕልም የሚታየው ሌሊት ብቻ ነው ያለ ማነው? ኪሩቤል ትናንት በጠራራ ፀሐይ አለመ፤ ያውም ምን የመሰለ ሕልም! የት ጋደም ብሎ እንዳየው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አትቸኩሉ፤ መቸኮል ለእሱም አልበጀውም።

መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት። ኪሩቤል አዲስ አበባ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ለመውጣት አሳንሰር ይጠብቃል፣ አሳንሰሩ ከተበላሸ ደግሞ ጥበቃውን ይቆጣል። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ አልትራ ማራቶን እሮጣለሁ ብሎ የተመዘገበው። ማራቶንን ታውቃላችሁ። አልትራው ማራቶን ላልበቃቸው ሰዎች የተፈጠረ ነው፤ ተራራ ለተራራ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል። ለልምምድ ብሎ የዓመት ፈቃዱን ወሰደና አክስቱ እትዬ አስካለ ወደምትኖርበት ወደ ጥድ አፋፍ ሄደ። ጥድ አፋፍ ሜዳ የሚባል ነገር አታውቅም። ሰው ጨው ለመዋስ እንኳ አንድ ቁልቁለት ወርዶ አንድ ዳገት ይወጣል።

በመጀመሪያው ጧት ቀይ ቁምጣውን ለብሶ፣ ሩጫውን የሚለካለትን ሰዓት እጁ ላይ አስሮ ሽቅብ ሲከንፍ ያዩት ገበሬዎች ዱላ ዱላቸውን ይዘው ተከተሉት። ነፍሱን ሊያድኑ ነው እንግዲህ። ሲደርሱበት፣

"ምን መጣብህ? ማነው ያሳደደህ?" አሉት።

"ማንም" አለ ኪሩቤል።

"ታዲያ የት ልትደርስ ነው?"

"የትም። ዞሬ እመለሳለሁ።"

እርስ በርስ ተያዩ። በዚያው ዕለት አንደኛው እትዬ አስካለን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ለመሆኑ ጠበል ሞክራችሁለታል?" አላት።

ነገሩ የተበላሸው ግን ሐሙስ ነው። ጎረቤታቸው እማማ የውብዳር ክፉኛ ታመው መቆም አቃታቸው። ጥድ አፋፍ መኪና አይገባም። ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በቃሬዛ ነው፤ በሁለት አጣና መሀል ጠፍር ተወጥሮ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ትከሻ ይወጣና እየተፈራረቁ ይሸከማሉ። እትዬ አስካለ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእሷ ቤት ትከሻ የጠየቀ አልነበረም። ያን ቀን ግን የቃሬዛው ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው በደስታ መጥተው ከደጇ ቆሙ።

"ተመስገን፣ ዘንድሮስ ከዚህ ቤት ሯጭ አለን!" አሉ።

ሯጩ መደብ ላይ ተንጋሎ እግሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሏል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ነው" አለ። "አሰልጣኜ ቢሰማ ይገድለኛል። ጡንቻ የሚገነባው በዕረፍት ነው።"

ጋሽ ወንድይፍራው የተሰቀሉትን እግሮች ትክ ብለው አዩ።

"እግሩስ ያምራል" አሉ። "ግን ልጄ፣ የቃሬዛችን ሕግ አንዲት ናት። ያልተሸከመ አይሸከሙትም።"

ይህን ብለው ወጡ። ኪሩቤል፣ እኔን ደግሞ ማን ሊሸከመኝ ነው ብሎ ሳቀ። ሞኝ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእሱ ነው እኮ። ጆሮው ላይ ሙዚቃውን ሰካና ዓይኑን ጨፈነ። ማን እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ አላየም።

አሁን ወደ ሕልሙ።

በሕልሙ ኪሩቤል ከአንድ ዳገት ሥር ቆሟል። ልሩጥ ብሎ እግሩን ሲያነሳ ዳገቱ ቀደመው። እሱ ባለበት ቆሞ ዳገቱ ከእግሩ ሥር ይሮጥ ጀመር፤ ድንጋዩን፣ ጥዱን፣ የሚግጡትን በጎች ሁሉ ይዞ። በጎቹ ሣራቸውን አላቋረጡም። ጫፉ ሲደርስ ዳገቱ ቁና ቁና ተነፈሰ።

"እስቲ ውረድልኝ፤ አንተን መውጣት አንገፈገፈኝ" አለው።

"እኔ ነኝ እንጂ አንተን የምወጣህ!"

"እሱን ለሰዓትህ ንገረው።"

ኪሩቤል ወደ እጁ ቢያይ ሰዓቱ የለም። ለካ ሰዓቱ ሰው አክሎ ይሮጣል፤ ኪሩቤል ራሱ በማሰሪያ ተጠፍሮ የሰዓቱ ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዓቱ በየእርምጃው ክንዱን ከፍ እያደረገ ያየዋል።

"ስንት ሆነ?" ይለዋል።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

ሰዓቱ ነቀነቀው፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው፣ ጆሮውን ደረቱ ላይ አድርጎ አዳመጠው። "ይሄ ነገር ከተገዛ ጀምሮ ልክ ሆኖ አያውቅም" አለና ፈትቶ አንድ ድንኳን በር ላይ ጣለው።

ድንኳኑ የውድድሩ ቦታ ነበር። ሯጮቹ ቁጥራቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው በላስቲክ ወንበር ተደርድረው ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ያጨበጭባሉ። የሚሮጠው ተመልካቹ ነው፤ ሽማግሌው ከነከዘራው፣ ሙሽራዋ ከነቬሎዋ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ከነወንበሩ። አንዲት አህያ ድምፅ ማጉያ ይዛ ትናገራለች።

"ክቡራትና ክቡራን! የሚያሸንፈው የመጨረሻው ነው! እባካችሁ እየተከባበራችሁ!"

ጉድ እኮ ነው። ከመጨረሻው ክር ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ይለማመናሉ።

"ይለፉ።"

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።"

"ኧረ በሞቴ!"

"ኧረ በልጆችዎ!"

ከአምና ጀምሮ እዚያው ናቸው አሉ። ከኋላቸው ሕዝቡ ሁሉ እየተገፈታተረ ያዘግማል፤ ተንኮለኛው የሌላውን ወገብ ወደ ፊት ይገፋል። ኪሩቤል ይህን ሁሉ ምኑም ሳይገባው በመሀላቸው ሹልክ ብሎ ክሩን በጠሰ።

"አሸነፍኩ!" አለ እጁን ዘርግቶ።

ድንኳኑ በጩኸት ተናጋ። አንዲት እናት የልጇን ዓይን በነጠላዋ ሸፈነች። "የማን ባለጌ ነው?" አለ አንድ ድምፅ። ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ቀድሞ ተንጠልጥሎ ነበርና እሱን መነጨቁት። ወዲያው ነጭ ጋወን የለበሰች ፍየል መጣች፤ የአበረታች መድኃኒት መርማሪ ናት።

"ምን ብትበላ ነው የቀደምከው?"

"በሶ።"

"በሶ! በማር?"

"በማር።"

ፍየሏ ራሷን በሐዘን ነቀነቀች። "ማስረጃ እወስዳለሁ" ብላ የቀኝ ጫማውን ከነክሩ በላችው። አመነዠከች፣ አሰበች፣ ዋጠች። "ጥፋተኛ ነው" አለች። ከዚያ የደረቱን ቁጥር ቀጠለች።

ኪሩቤል ባንድ እግር ጫማ እየነጠረ ሸሸ። የት ይደርሳል? ድንጋይ ረገጠና ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈ፣ ወደቀ። የአምቡላንስ ጩኸት ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች። አምቡላንሱ መጣ፤ ቁጥር ለጥፏል፣ ጎማዎቹን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሶምሶማ ይሮጣል።

"እርዳኝ!" አለ ኪሩቤል።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ ልምምድ ላይ ነኝ" ብሎት አለፈ።

ከአምቡላንሱ ኋላ ቃሬዛ ብቅ አለ። ኪሩቤል እልል ሊል ምንም አልቀረው። ግን ቃሬዛው ላይ የተኙት አራት ወፋፍራም ጎረምሶች ናቸው፤ እግራቸውን ሰቅለው ገበጣ ይጫወታሉ። ከሥር ብቻቸውን የተሸከሙት እማማ የውብዳር ናቸው።

"እማማ! እርስዎ ታመው የለም እንዴ?"

"ታምሜ ነው እንጂ የምሸከመው" አሉ እማማ የውብዳር፤ ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። "ጤነኛማ ማረፍ አለበት። ጡንቻ የሚገነባው በዕረፍት ነው፤ አንድ የተማረ ልጅ ነው የነገረን። አንተስ፣ ደህና ነህ ልጄ?"

"ምን ደህና እሆናለሁ፣ እግሬ ተሰበረ!"

"እሰይ! እንኳን ተሰበረ! በል ተረከበኝ።"

ቃሬዛውን ትከሻው ላይ ጭነውለት እጃቸውን አራገፉ። ያኔ ሁሉም ይወጣ ጀመር። ጋሽ ወንድይፍራው ወጡ። ቆሎ ቆርጣሚዎቹ ሯጮች ከነወንበራቸው ወጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች "ይለፉ"፣ "ኧረ እርስዎ" እየተባባሉ ወጡ። ፍየሏ ግራ ጫማውን እያየች ወጣች። መጨረሻ ላይ አምቡላንሱ ተመልሶ መጣና፣ "እኔም ደከመኝ" ብሎ ከላይ ተጋደመ። አህያዋ ድምፅ ማጉያውን አነሳች።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው!"

"ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለውስ?" ብሎ ጮኸ ኪሩቤል።

"እሱ እዚህ አገር አይተረትም" አለች አህያዋ።

ዳገቱ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ኪሩቤል በተሰበረ እግሩ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ረገጠ። ጀርባው ሊከፈል ደረሰ። ፈራ፤ እውነተኛ ፍርሃት ፈራ። እዚህ ወድቄ ብቀር ማን ሊያነሳኝ ነው አለ በልቡ፤ ሁሉም እላዬ ላይ ነው። ሕጓ ትዝ አለችው። ያልተሸከመ አይሸከሙትም። እንባው መጣ። ድንገት ከኋላ በኩል አንደኛው ጥግ ትንሽ ቀለለለት። የሆነ ሰው ትከሻውን አስገብቷል። ማን እንደሆነ ዞሮ ሊያይ ሞከረ፤ አንገቱ አልታዘዘለትም። አቅሙ ሲያልቅ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

"ውረዱልኝ! በእግዚአብሔር፣ ውረዱልኝ!"

"የት እንውረድልህ ልጄ? ከሥርህ ነን እኮ" አለ አንድ ድምፅ።

ኪሩቤል ዓይኑን ገለጠ።

ቃሬዛ ላይ ነበር። ይኸውላችሁ፣ ያለመው እዚያ ተጋድሞ ነው። ትናንት ጧት፣ ከዚያ ሐሙስ በሳምንቱ መሆኑ ነው፣ ለልምምድ ወጥቶ፣ ቁልቁለት ላይ ሰዓቱን አያለሁ ሲል ድንጋይ አደናቀፈው፤ እግሩ ታጠፈ፣ ራሱን ተመታ፣ ራሱን ሳተ። ወጌሻው መጥቶ፣ ራሱን የተመታ ሰው አልነካም አለ። ከሥርህ ነን ያለው ድምፅ የጋሽ ወንድይፍራው ነው፤ የፊተኛውን አጣና ተሸክመው በላስቲክ ጫማቸው ዳገቱን ይወጡታል።

"ጋሼ" አለ ኪሩቤል እያፈረ። "ያልተሸከመ አይሸከሙትም አላሉኝም ነበር?"

"ብያለሁ። ሕጉም እንዳለ ነው። ከእናንተ ቤት ግን ትከሻ ወጥቷል" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው ሳይዞሩ። "ሴት አትሸከምም ብንላት፣ እንግዲያው ሯጩን አስነሱልኝ አለችና ገባችበት። ሐሙስም ገባች፣ ዛሬም ገብታለች።"

ኪሩቤል እንደ ምንም አንገቱን አዞረ። የኋለኛው አጣና ሥር አክስቱ እትዬ አስካለ አለች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጠቅልላ፣ ጥርሷን ነክሳ። ከእሷ ኋላ እማማ የውብዳር አሉ፤ ድነው፣ የወለቀች የቀኝ ጫማውን በክሯ አንጠልጥለው ይከተላሉ። ኪሩቤል ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ቃሬዛ ላይ መግቢያ ቀዳዳ የለም እንጂ ቢኖር ይገባ ነበር።

ጤና ጣቢያው በር ሲደርሱ ዘበኛው ብቻውን ፀሐይ ይሞቃል።

"ባለሙያዎቹ የሉም፤ አምቡላንሱም የለም" አለ። "ለዚያ ለተራራ ሩጫ ተብሎ ተወስደዋል።"

"ሩጫው ገና ነው እኮ!" አለ ኪሩቤል።

"እነሱም ልምምድ ላይ ናቸው። ሯጭ ሲወድቅ እንዴት እንደሚነሳ እየተለማመዱ ነው።"

"እኛ የወደቀ ሯጭ ይዘናል" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። "ይምጡና በዚህ ይለማመዱበታ!"

ዘበኛው ቃሬዛው ላይ ያለውን ሰው ከላይ እስከ ታች አየው። "እሱ የወደቀው ከዕቅዱ በፊት ነው" አለ።

ሌላው ጤና ጣቢያ ከተራራው ማዶ ነው። "አንሱ" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው፣ አነሱት፣ እንደገና ዳገቱን ተያያዙት። ኪሩቤል ልውረድና በአንድ እግሬ ልሞክር ቢል፣ "ተኛ፣ አታወዛውዘን" አሉት። ግማሽ እንደወጡ የእጁ ሰዓት ጢጥ ጢጥ አለ።

"ምን ይላል ይሄ?" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

ኪሩቤል አየውና እጁን ከጀርባው ሥር ሸጎጠ።

"ንገረና!"

"እንኳን ደስ አለህ ነው የሚለው" አለ። "ዳገት ላይ እንደዛሬ ፈጥነህ አታውቅም ይላል። ነገ ሙሉ ቀን ይረፍ ይላል።"

"ማን?" አለች እትዬ አስካለ ከኋላ፣ አጣናውን ወደ ሌላው ትከሻዋ እያዛወረች።