አያ ገሰሰ ለማሞቂያው ቤት ሲሠሩለት

በዚህ ዓለም አንድ ሚስማር በተመታ ቁጥር፣ ከመቺው ኋላ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ትንሽ ወደ ግራ» የሚል አንድ ሰው አብሮ ይፈጠራል። ይህን የምለው በጥናት አረጋግጬ አይደለም፤ ያላረጋገጥሁትን መናገርም ልማዴ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው በሰፈሬ የለም የሚል አንባቢ ካለ፣ ወይ በሕይወቱ ሚስማር አስመትቶ አያውቅም፣ ወይ ሰውየው እሱ ራሱ ነው።

በደብረ ታቦር የእኛን ሰፈር ሚስማሮች በበላይነት የሚመሩት ክቡር አያ ገሰሰ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል በመንገድ ሥራ ከቀያሾች ጋር ሜትር ሲጎትቱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሜትሩ ግን ጡረታ አልወጣም። በኮታቸው ኪስ ሆኖ ለቅሶ ይደርሳል፣ ቅዳሴ ያስቀድሳል። አያ ገሰሰ የማያውቁት ሙያ የለም ይባላል። እኔ በጥንቃቄ ልናገርና፣ ሐሳብ የማይሰጡበት ሙያ የለም ብል ይሻላል።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ፈንታነሽ ዲሽ ያስተከሉ ዕለት፣ አያ ገሰሰ ከመንገዱ ማዶ ቆመው «ትንሽ ወደ ግራ» እያሉ ቢያስዞሩት፣ ዲሹ በመጨረሻ አንድ የዓረብኛ የምግብ ዝግጅት ጣቢያ ብቻ ያዘ። ቤተሰቡ ሽማግሌው እንዳይከፋቸው ሲል፣ ያውም በሁዳዴ ጾም፣ አንድ ሳምንት ሙሉ የበግ ጥብስ ሲጠበስ ተመለከተ። የሌላ ጎረቤት የግቢ በር ደግሞ በእሳቸው ምክር ወደ ውጭ እንዲከፈት ስለተደረገ፣ እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ሆኖም ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የዕድሩ ድንኳን እሳቸው በሌሉበት ተተክሎ ነፋስ ያልጣለው ጊዜ እንደሌለ መመስከር ይኖርብኛል። ለዚህ ሁሉ ድካማቸው ደግሞ አንድ ብርጭቆ ጠላ እንኳ ተቀብለው አያውቁም፤ ሐሳባቸው ተቀባይነት ካገኘ ይበቃቸዋል።

እኔ የእትዬ ሸጊቱ ተከራይ ነኝ። ከእብናት መጥቼ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ስማር ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ክፍል ውስጥ እጄን ያነሣሁት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ አንደኛው መስኮት ይዘጋልኝ ለማለት ነበር። እትዬ ሸጊቱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንደበታቸው ስለት፣ ጉልበታቸው ግን ብርድ የማይችል እናት ናቸው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ብርዱ ይዟቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ አልወረዱም። በይፋግ መምህርት የሆነችው ልጃቸው ገነት ያን ጊዜ ቁርጡን ነገረቻቸው፦ በመጪው ክረምት እንደገና ከተኙ፣ ቤቱ ተቆልፎ እሳቸው ወደ ቆላው፣ ወደ እሷ ዘንድ ይሄዳሉ።

እትዬ ሸጊቱ ይፋግን አይጠሉም። «ይፋግ ሰው የሚሞቅበት አገር ነው» ይላሉ፤ «እኔን የሚያውቀኝ ሰው ግን እዚህ ነው የሚበርደው።»

ስለዚህ ቤቱን የሚያሞቅ ነገር ፍለጋ ተጀመረ። ከሰል እንዳይታሰብ፣ ጭሱና ሽታው ያስላቸዋል። ሽቦው የሚቀላው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተሞከረ፤ እሱ ደግሞ በተሰካ ቁጥር ቆጣሪው ይወድቅና ግቢውን በሙሉ ያጨልማል። በመጨረሻ ገነት ከባሕር ዳር አንድ ወሬ ሰማች፤ ሻጮቹ «የሚያሞቅ ኤሲ» የሚሉት፣ እኛ ግን በክፍል «የሙቀት ፓምፕ» ብለን የተማርነው ማሽን አለ። ደውላ እውነት ቤት ያሞቅ እንደሆን ጠየቀችኝ። ፓምፕ ውሃን ከጉድጓድ ስቦ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ይህም በውጭው አየር ውስጥ ያለውን ሙቀት ስቦ ወደ ቤት እንደሚያስገባ፣ ሙቀት ለመፍጠር ሳይሆን ለማጓጓዝ ብቻ ስለሚደክም ብዙ መብራት እንደማይፈጅ ለሃያ ደቂቃ ያህል አብራራሁላት። እሷም በትዕግሥት አዳምጣ «እሺ፤ በአጭሩስ?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት።

ወሬው አያ ገሰሰ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ኤሲ ማለት የባሕር ዳር ሆቴሎች ሰው የሚያበርዱበት አይደለም እንዴ? ብርድ አንሶን ነው ከዚያ የምናስመጣው?»

እኔ በለሆሳስ ስለ ውጭው አየር ጀመርሁ። አላስጨረሱኝም።

«ስማ ተማሪው፤ በታቦር አየር ውስጥ ሙቀት ካለ፣ እኔ ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የት ነበርሁ?»

ለዚህ ጥያቄ በመማሪያ መጻሕፍቴ ውስጥ መልስ አላገኘሁም።

ተቃውሟቸው ግን ከሥራ አያግዳቸውም። ማሽኑ በክፍሉ ስፋት እንደሚመረጥ ሲሰሙ ሜትራቸውን መዝዘው ክፍሉን ሦስት ጊዜ ለኩት፤ እኛ በግምት ልናስመጣው የነበረው ማሽን ለዚህ ቤት በእጥፍ እንደሚበልጥም ደረሱበት። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት፣ ነፋስ እየገባ ኮርኒሱን እንደ ሸራ የሚያርገበግብበትን ቀዳዳ ሁሉ፣ ጭቃና ጭድ አቡክተው በገዛ እጃቸው ደፈኑት። ከዚያ ወርደው እጃቸውን እየታጠቡ፣ ማሽኑ ፈጽሞ እንደማይሠራ በድጋሚ አረጋገጡልን።

በሰኔ አጋማሽ ታምራት የሚባል ባለሙያ ከባሕር ዳር መጣ። አንዱን ሳጥን በቤት ውስጥ፣ ማራገቢያ ያለውን ሁለተኛውን ሳጥን በውጭው ግድግዳ ላይ መስቀል ነበረበት። አያ ገሰሰ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆሙ። «ትንሽ ወደ ግራ» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ተነገረ፤ ቆጥሬዋለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ላይ ታምራት ከመሰላሉ ዞር ብሎ «አባቴ፣ ግድግዳው አለቀ» አላቸው። የመጀመሪያው ዝናብ በዘነበ ዕለት እንዳየሁት ግን፣ ታምራት መጀመሪያ ያሰበበት ቦታ ላይ የአሸንዳው ውሃ በቀጥታ ይወርድ ነበር።

ማሽኑ ተነሣ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እትዬ ሸጊቱ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አያ ገሰሰ ወደ ውጭ ወጥተው እጃቸውን ከማራገቢያው ፊት ዘረጉ፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው የሚወጣው። ተመልሰው ገብተው በድል አድራጊነት አወጁ፦ «ነገሩ ገባኝ። ብርዱን ከቤት እየለቀመ ውጭ ይደፋዋል።» ትክክል አይደለም። ነገር ግን ቤቱ በሁለታችንም ማብራሪያ እኩል ስለሚሞቅ፣ ዝም ማለትን መረጥሁ።

ታምራት ሲሄድ የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ለእኔ ሰጠኝ፤ የዋስትናውን ገጽ ሳይቀር አንብቤ ጨረስሁት። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ፣ ከማራገቢያው ፊት ለፊት ሁለት ሜትር ያህል ክፍት ቦታ መኖር እንዳለበት በሥዕል ጭምር ተጽፏል።

በሳምንቱ አያ ገሰሰ ቆርቆሮ ተሸክመው መጡ። «እንዲህ ያለ ዕቃ ደጅ አያድርም» አሉ። እንግዳ ሐሳብ አልነበረም። በእኛ አገር ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ቆጣሪው፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለው መቃብር ሳይቀር ጣሪያ አለው። የክረምቱ በረዶ ደግሞ ለማንም አይራራም። ከገዛ ቤታቸው በተረፈ ቆርቆሮ ለማሽኑ ሦስት ግድግዳ፣ አንድ ጣሪያና አንድ መዝጊያ ሠሩለት፣ አረንጓዴ ቀለም ቀቡት፣ በቁልፍ ቆለፉት። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ልናገር ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። በመጀመሪያው መሰላል ያዝልኝ አሉኝ፤ ያዝሁ። በሁለተኛው አፌን ስከፍት መዶሻው ጀመረ። በሦስተኛው «አያ፣ ምናልባት መጽሐፉ…» አልሁ።

«መጽሐፉ የተጻፈበት አገር በረዶ ይጥላል?»

አላውቅም ነበር። የማላውቀውን ነገር ሳልመረምር መከራከር ተገቢ መስሎ አልታየኝም፤ ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ፍርሃቴን ጨዋነት ብዬ እንደምጠራው ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ማሽኑ ደከመ። የሚተነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ከመዝጊያው ጋር እየተላተመ ወደ እሱው ይመለሳል፤ እሱም ያንኑ መልሶ ይስባል። ጀርባው ላይ በረዶ ጋገረ። አያ ገሰሰ ቁልፉን ከፍተው አዩና «ብርድ መትቶታል» አሉ፤ በማግሥቱም የራሳቸውን ጋቢ አምጥተው አለበሱት። በዚያው ዕለት ማሽኑ ጨርሶ ቆመ።

ረቡዕ እትዬ ሸጊቱ ከአልጋ መውረድ አቃታቸው። ገነት ደወለች፤ ቅዳሜ እንደምትመጣና ልብሳቸው ተሰብስቦ እንዲጠብቃት ነገረችኝ። አያ ገሰሰ ያን ቀን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጠው ስለ ግራም ሆነ ስለ ቀኝ አንድ ቃል አልተናገሩም። እትዬ ሸጊቱ ከአልጋቸው ሆነው ሳጥናቸው ውስጥ ካለው ልብስ የሚሄደውና የሚቀረው የቱ የቱ እንደሆነ ሲነግሩኝ፣ ድምፃቸው ስለታም አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት መጽሐፉን ይዤ ወጣሁ። ሌሊቱን ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም ትዝ አላለኝም።

«አያ፣ ሜትሩን ይዘዋል?»

ራስዎን ይዘዋል ወይ ብዬ የጠየቅኋቸው ይመስል አዩኝ።

«እዚህ መጽሐፍ ላይ አንድ ልኬት አለ። እኔ መለካት አልችልበትም። ከማራገቢያው ፊት ለፊት ሁለት ሜትር ክፍት ይሁን ይላል።»

ጋቢውን ገልጠው ከማራገቢያው እስከ መዝጊያው ለኩ። «ሠላሳ ሁለት ሳንቲም» አሉ። መዝጊያውን ገፋ አድርገው እንደገና ለኩ። ሠላሳ ሁለት። ሜትሩን ቀስ ብለው ጠቀለሉና መዝጊያውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት።

«የተነፈሰውን መልሶ እየተነፈሰ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ አያ።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሰኔ ላይ።»

«ታዲያ ምን ለጎመህ?»

«እርስዎ እየሠሩ ነበር።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ስሠራ ሰው ሁሉ ዝም ይላል» አሉ። «ዝም ሲሉኝ ደግሞ ልክ የሆንሁ ይመስለኛል።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። መዝጊያው ወለቀ፣ ሦስቱ ግድግዳዎች ወረዱ። ጣሪያውን ግን ታምራት በስልክ «እሱማ ይኑር፤ ከበረዶ ይጠብቀዋል፣ እኔም ልብ አላልሁት» ስላለ፣ ከፍ አድርገን ተውነው። የጋገረው በረዶ እስኪቀልጥ ማሽኑን ዘግተን አሳደርነው። ዓርብ ጠዋት ስናስነሣው መጀመሪያ ለረዥም ጊዜ አጓራ። ቀጥሎ ቤቱ ሞቀ።

ቅዳሜ ገነት ባዶ ሻንጣ ይዛ ስትገባ፣ እናቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጌሾ ቅጠል ሲለቅሙ አገኘቻቸው። እጅ ነስታ፣ ጉንጫቸውን ስማ፣ ጉልበታቸውን ዳስሳ ስታበቃ ማሽኑ ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቀች። እኔ «መብራት…» ብዬ ልሸፍንላቸው ጀምሬ ነበር።

«መብራት አይደለም» አሉ አያ ገሰሰ ብድግ ብለው፣ ባርኔጣቸውን እንደ ያዙ። «እኔ ነኝ ያፈንሁት። ቤት ሠራሁለትና አፈንሁት።»

እትዬ ሸጊቱ ከጌሿቸው ቀና አላሉም።

«ጋቢም አልብሶታል» አሉ። «እኔ ይሄን ያህል ክረምት ስንቀጠቀጥ አንድ ቀን እንኳ አላለበሰኝም።»

ገነት ላለመሳቅ ታገለች፤ አልቻለችም። አያ ገሰሰ ከአንገታቸው እስከ ጆሯቸው ቀሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እትዬ ሸጊቱ ዘንጋቸውን ይዘው ልጃቸውን እስከ ባጃጁ ድረስ በእግራቸው ሸኟት። ሻንጣው በሶና ሽሮ ተሞልቶ ወደ ይፋግ ተመለሰ። እትዬ ሸጊቱ ግን ቀሩ። ነሐሴ ገና ነው፤ መብራትም ይጠፋል፤ ሁሉን አረጋግጬ መናገር አልችልም። ግን ያን ቀን ማታ እራት የበሉት አልጋቸው ላይ ሆነው አልነበረም።

በማግሥቱ አያ ገሰሰ መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ወደ ክፍሌ መጡ። «ያን መጽሐፍ አምጣው» አሉ፤ «ከመጀመሪያው ገጽ።» እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው። በሕይወቴ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለማቋረጥ ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ይህን ያህል ጆሮ ሰጥቶ ያዳመጠኝም ሰው የለም። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል፣ ዩኒቨርሲቲውን ስጨርስ ወዴት እመደብ ይሆን ብዬ ሳስብ፣ በምሄድበት አገር አያ ገሰሰ እንደማይኖሩ ትዝ ሲለኝ ሆዴ የሚባባው።

የማጣሪያው ወንፊት በየሁለት ሳምንቱ ታጥቦ ይጽዳ የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ መጽሐፉ ተሳስቷል። በክረምት ምን አቧራ አለ?»

«አልተሳሳተም፣ አያ» አልሁ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጎልቶ ወጣ። «የአልጋ ልብሱ ብናኝ አለ፤ የዱቄቱም አለ። ማጠብ አለብን።»

አያ ገሰሰ አተኩረው አዩኝ። ፊታቸው ላይ እንዲያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

«በል አስረዳኝ» አሉና ዱካቸውን አስጠጉ።