የደከማቸው ሙታን

ሽማግሌዎቹ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመጣለን» ብለው ስለላኩበት፣ ደምመላሽ ትናንት ምሳውን በጊዜ በልቶ ጎኔን ላሳርፍ ብሎ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። እዚያው ሕልም አየ። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል። እሱ ግን ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሕልም የመፍራት አቅሙም ካለቀ ቆይቷል። ደክሞታል።

ሕልሙን ከማውራቴ በፊት የሰውየውን ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ ይምታታባችኋል። ደምመላሽ ሠዓሊ ነው። አባቱ ይህን ስም ያወጡለት አጎቱ በሰው እጅ በሞተ ሰሞን ስለተወለደ ነው፤ አድጎ ደም እንዲመልስ። ልጁ ግን ጥፊ እንኳ መልሶ አያውቅም። የመለሰው በወረቀት ነው። በልጅነቱ የሰፈሩ ባለሱቅ ስኳርና በርበሬ የሚጠቀልለው በአሮጌ የፈረንጅ አስፈሪ መጽሔቶች ነበር፤ ከየት እንዳመጣቸው እግዜር ይወቅ። ደምመላሽ ቋንቋውን ስለማያውቅ ሥዕሉን ብቻ አነበበ። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ክፉው ሰው ደጉን ይገድላል፣ የተገደለው ከመቃብር ይነሳል፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ክፉው የእጁን ያገኛል። በዚህ ዓለም ፍርድ ያለው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው ብሎ ያን ጊዜ አመነ።

አድጎም ያንኑ ሠራ። ጋሽ ይልቃል በሚባል ሰው መጽሔት ላይ፣ «ከቀብር መልስ» የሚል በሥዕል የሚተረክ የሙታን በቀል ለዐሥራ አንድ ዓመት በየሳምንቱ ሳለ። ሁሌም ስምንት ሥዕል ነው። ስድስተኛው ላይ ሟቹ ይነሳል፣ ሰባተኛው ላይ የገዳዩ በር ላይ ይደርሳል፣ ስምንተኛው ላይ ገዳዩ አፉን ከፍቶ ይቀራል። የቀረውን አንባቢው ራሱ ይጨርሰው። ታዲያ መጽሔቱ ተዘግቶ ቢሮው ሲለቀቅ፣ ጋሽ ይልቃል የደምመላሽን የዐሥራ አንድ ዓመት የእጅ ሥራ ለኦቾሎኒ ሻጭ ሰጠበት። ደምመላሽ ይህን ያወቀው መንገድ ላይ ኦቾሎኒ ገዝቶ ጥቅልሉን ሲፈታ ነው። ከወረቀቱ ላይ የወይዘሮ ትርፌ ዐይን አየው። ወይዘሮ ትርፌ ማለት ከሳላቸው ሙታን የመጀመሪያዋ ናት፤ በገዛ ነጠላዋ ታንቃ የተገደለች ሴት።

ሄዶ አልጠየቀውም። አፈረም፣ ተናደደም፤ «ራሱ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀኝ» አለ። ሌላ መጽሔት ላይ ያንኑ ሥራ ያዘና ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚስላቸው ገዳዮች ሁሉ የጋሽ ይልቃልን መልክ ያዙ፤ ቀጭኑ ሪዝ፣ አፍንጫው ጥግ ማርያም የሳመችው ጥቁር ምልክት ሳይቀር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሽ ይልቃል በአንባቢው ሐሳብ በጅብ ተበላ፣ ጠላ ጋን ውስጥ ሰጠመ፣ በሰባት ሙታን ታነቀ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ይተላለፋሉ። አሁን ደግሞ ጋሽ ይልቃል ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ የሚልከው ማን ነው? የበደለ ነው። ስለዚህ ደምመላሽ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቃትን «አጥፍቻለሁ» የምትል ቃል ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊሰማት ነበር። ከዚያ ሌላ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር አልቀረውም።

በሕልሙ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ደጁ ላይ ቆሞ ይለፍፋል።

«አቶ ደምመላሽ ዛሬም ከዚህ ዓለም በሞት ስላልተለዩ፣ የእድሩ አባላት በሙሉ ለለቅሶ እንድትወጡ!»

ወጣ ሲል ድንኳን ተተክሏል። ውስጡ የተቀመጡት ሙታን ናቸው። ሁሉንም ያውቃቸዋል፣ በእጁ የሳላቸው ናቸው። ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ወታደር አለ፤ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ በግ ነጋዴ አለ፤ ንፍሮ እየቆረጠሙ በዝምታ ተቀምጠዋል። ወታደሩ በአንድ እጁ ጭንቅላቱን ይዞ በሌላው የደምመላሽን እጅ ጨበጠ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ። ስንት ዓመትህ ነው?»

«ስድሳ ስምንት።»

«ወይኔ ወንድሜን! ገና አልጨረስክም ማለት ነዋ» ብሎ አለቀሰ። በግ ነጋዴውም «አይዞህ፣ ለማንም አይቀርም» አለው።

ደምመላሽ ሊቀመጥ ሲል ድንኳኑ መሥሪያ ቤት ሆነ። በሩ ላይ «የበቀል አገልግሎት» ተብሎ ተጽፏል። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ፣ ግቢውን ዞሮ፣ አጥሩን ተሻግሮ ሄዷል። የተሰለፉት ገዳዮች ናቸው፤ የተሰለፉትም ተበቃይ ደርሶላቸው እንዲገላገሉ ነው። ሁሉም ጋሽ ይልቃል ናቸው። ሁሉም ቀጭን ሪዝ አላቸው፣ ሁሉም አፋቸውን እንደከፈቱ ነው፤ ስምንተኛው ሥዕል ላይ ደምመላሽ ከፍቶ ነበር የተዋቸው።

«የሰልፉ መጨረሻ ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነበርኩ» አለ አንዱ ይልቃል አፉን ሳይገጥም። «አሁን ግን መጀመሪያ ሆኛለሁ። ሰልፉ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።»

«ከቆማችሁ ቆያችሁ?»

«እኔ የጅቡ ነኝ። ከዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ አፌን ከፍቼ ነው የቆምኩት። ዝንብ ገብቶብኛል። ጅቡ ይምጣና ይብላኝ ብዬ ሦስት ማመልከቻ አስገባሁ።»

በመስኮቱ አንዲት የሞተች ጸሐፊ ብቅ አለች። «ዛሬ ተበቃይ የለም! ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው! ያልሞታችሁ ነገ ተመለሱ!»

ሰልፉ አጉረመረመ። ጋኑ ውስጥ የሰጠመው ይልቃል ልብሱ ጠላ እያንጠባጠበ «እኛስ ዜጋ አይደለንም ወይ?» ብሎ ጮኸ። ከኋላው ያለው ይልቃል ትከሻውን ይዞ «ተው ወንድሜ፣ እነሱም ይደክማቸዋል» አለው። ደምመላሽ ይህን ሲሰማ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው፣ ዐይኑ እንባ ሞላ።

ወደ ስብሰባው ለመሄድ ታክሲ ያዘ። ታክሲው በኋላ ማርሽ ነው የሚሄደው፤ ተሳፋሪዎቹ ወደ በቀል የሚሄዱ ሙታን ናቸው። ሰባቱ አናቂዎች የኋላ ወንበር ላይ ተደጋግፈው ተኝተዋል። አንዱ ድንገት ባነነና መስኮቱን ደበደበ።

«ወራጅ! ኧረ ወራጅ! ገዳዬን አለፍኩት!»

«ተወው» አለው ጓደኛው ዐይኑን ሳይገልጥ። «ነገም እዚያው ነው።»

ያ ሙት ትንሽ አሰበና ተመልሶ ተኛ።

ስብሰባው ጎሚስታ ቤት ውስጥ ነበር። በአሮጌ ጎማዎች መሀል የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሦስት ጅቦች ናቸው፤ ጋቢያቸውን በወግ ደርበዋል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። እነዚህን ግን አገር ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ያም ሆኖ ቁርበት ተነጥፎላቸዋል። ከፊታቸው ሙታኑ በሙሉ ድንጋይ ተሸክመው ተንበርክከዋል። አንድ ይልቃል ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቅርታ ይጠየቃል።

«እነዚህ ምን አጥፍተው ነው?» አለ ደምመላሽ።

ትልቁ ጅብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተገድለዋላ! ሰው ዝም ብሎ አይገደልም። ገዳዩን አድክመውታል፣ ልብሱን በደም አበላሽተውበታል፣ ያም አልበቃ ብሏቸው ቤቱ ድረስ እየሄዱ እንቅልፍ ነስተውታል። ይኸው አሁን ይቅር በለን ይላሉ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እያሰበበት ነው።»

ይልቃል አፉን ከፍቶ እያሰበበት ነበር። ከሙታኑ መሀል ወይዘሮ ትርፌ ድንጋይዋን አውርዳ ተነሳች። ላቧን በነጠላዋ ጠረገች፤ ያችው የታነቀችባት ነጠላ ናት።

«ልጄ፣ ስንት ጊዜ አስነሳኸኝ?» አለችው።

«አልቆጠርኩም፣ እትዬ ትርፌ።»

«ጉልበቴ ግን ቆጥሯል። አፈሩን ገፍቼ፣ ፀጉሬን አራግፌ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ በሩ ላይ ስደርስ አንተ ታቆመዋለህ። አንድ ቀን እንኳ ግቢና አረፍ በይ አላልከኝም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው በር ላይ ቆምኩ። እኔ እንኳ ያነቀኝን ሰው መልኩን ረስቼዋለሁ። ደክሞኛል፣ አስተኛኝ።»

«አንቺ ከተኛሽ እሱን ማን ይጠይቅልኛል?»

«አንተስ? ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ አይደለም እንዴ?»

«አፍራለሁ» አለ ደምመላሽ። እውነቱን ነበር። በውኑ ለማንም ያልተነፈሰውን በሕልሙ ለሞተች ሴት ነገራት።

«ታዲያ አንተ ስታፍር የሞተ ሰው ይላካል?»

ጅቦቹ «ይህስ ነውር ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደምመላሽ ጎማ ላይ ወረቀት ዘረጋና ብዕሩን አወጣ። «እሺ፣ ዘጠነኛ ሥዕል እስላለሁ» አለ። ሙታኑ ድንጋያቸውን እየጣሉ ከበቡት። ወይዘሮ ትርፌን ተኝታ ሳላት፤ ከራስጌዋ ትራስ ጨመረላት። ወታደሩ «ለእኔ ሁለት ትራስ፣ ጭንቅላቴ ለብቻው ነው የሚተኛው» አለ። በግ ነጋዴው ወደ ግድግዳ ዞሮ መተኛት ለምዷል። ሰባቱ አናቂዎች አንድ ብርድ ልብስ ይበቃናል አሉ። ሁሉንም አንድ በአንድ አስተኛቸው። ትንፋሻቸው ሲረጋጋ ይሰማዋል። ቀናባቸው፤ እሱ እንደዚያ ከተኛ ስንት ዓመቱ!

የቀረው ይልቃል ብቻ ነው። አፉን ሊገጥምለት ሞከረ፤ ቀለሙ ግን ከወረቀቱ እየተነሳ ወደ ብልቃጡ ይመለሳል። በመጨረሻ ከአፉ አጠገብ ቃል የሚጻፍባትን አረፋ ሳለና ባዶዋን ተዋት።

«በል ጋሽ ይልቃል፣ የምትለውን እዚህች ውስጥ በል» አለው።

ይልቃል ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ገጠመ። መንጋጋውን በእጁ አሻሸ፣ ምራቁን ዋጠ። ጅቦቹ ጆሯቸውን አቆሙ። «ደምመላሽ» አለ ይልቃል፣ «እኔ እኮ...» ሲል በሩ ተንኳኳ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ደምመላሽ ፊቱን ሳይታጠብ ከፈተ። ከፊት የሽማግሌዎቹ መሪ መምህር ልሳነወርቅ፣ ከኋላቸው ሁለት የእድር ሰዎች፣ ከእነሱ ኋላ ጋሽ ይልቃል በከዘራው፤ ልጁ ሰናይት ክንዱን ይዛዋለች። ገብተው ሶፋው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ስለ ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናቡም ትንሽ አወሩ። ደምመላሽ ያችን ቃል ጠበቀ።

«ደምመላሽ» አሉ መምህር ልሳነወርቅ፣ «ጨዋ ሰው መሆንህን ስለምናውቅ ነው ክስ ይቅርና ሽማግሌ ይላክ ያልነው። ይህችን ልጅ ሁለት ጊዜ ሊያጯት መጥተው ሁለት ጊዜ ቀሩ። አባትዬው በየመጽሔቱ ሰው ሲገድል የሚታይ ሰው ነው ተባለ። ይቅርታ ጠይቅና ነገሩ እዚህ ይቁም።»

ደምመላሽ የሰማውን ማመን አቃተው። «እኔ ነኝ የምጠይቀው? ሥዕሌን ለኦቾሎኒ ሻጭ የሰጠው እሱ! የዐሥራ አንድ ዓመት ሥራዬን!»

ሁሉም ወደ ጋሽ ይልቃል ዞሩ። ጋሽ ይልቃል ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው።

«ያ ቢሮው ጥግ የነበረ የወረቀት ክምር?» አለ። «አንዴ ከታተመ ምን ይሠራል ብዬ እኮ ነው። ትፈልገው ነበር እንዴ? ሴትዮዋ ምስኪን ነበረች፣ ስድስት ልጅ ታሳድጋለች።»

«አየህ» አሉ መምህር ልሳነወርቅ። «ባለማወቅ ነው። እንዲያውም ለደሃ ነው የሰጠው፣ ጽድቅ ነው።»

ደምመላሽ ሰናይትን አያት። አርባ ሳይሞላት አይቀርም፤ ዐይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሲስል እሷን አንድ ቀን አስቧት አያውቅም። ከሶፋው ወርዶ ተንበረከከ። ለእሷ ነበር የተንበረከከው፤ የእድሩ ሰዎች ግን ትከሻውን ይዘው ወደ አባቷ ጉልበት አዞሩት።

«ይቅር በለኝ፣ ጋሽ ይልቃል።»

«እኔ እንኳ አልተቀየምኩህም» አለ ጋሽ ይልቃል በደግነት። «ሥዕሉ ላይ ሁሌም ወጣት ነኝ።»

ጎንበስ አለለትና ተሳሳሙ። መምህር ልሳነወርቅ መረቁና አንድ ነገር ብቻ አሳሰቡ፤ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ገዳዩ የሌላ ሰው መልክ ይያዝ።

«የማንን?» አለ ደምመላሽ እንደተንበረከከ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የማንም ቢሆን ዘመድ አለው፣ ነገ ሌላ ሽማግሌ ይመጣል። መምህር ልሳነወርቅ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ።

«የራስህን ሳላ» አሉ። «አንተን ብለው የሚከፋቸው ማን አለ?»