ቪው ያለው ምሳ

ድሮ ሰው ምግብ ቤት ሲያማርጥ የሚጠይቀው ስለ ወጡ ነበር። ቅቤው ለጋ ነው ወይ፣ ሥጋው የዛሬ ነው ወይ፣ የባለቤቷ እጅ ይጣፍጣል ወይ? ቤቱ ቢጨልም፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ መስኮቱ በጎረቤት ግድግዳ ላይ ቢከፈት ማን ልብ ይለዋል? አሁን ጥያቄው አንድ ብቻ ሆኗል። «ቪው አለው?» ቪው ማለት፣ ለማታውቁት፣ የምትበሉትን ትታችሁ የምታዩት ነገር ነው። ሆድ በዓይን በኩል የሚሞላ ይመስል፣ ከአዲስ አበባም ሆነ ከደሴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ደጅ የወጣ ወንበር፣ ከወንበሩ ፊት ውሃ፣ ከውሃው ማዶ ተራራ ይሻል። ዓሣው ይመጣል፣ ስልክ ይወጣል። ዓሣው ፎቶ ይነሳል፣ ሐይቁ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ዓሣውና ሐይቁ አብረው ይነሳሉ። በመጨረሻ የሚበላው የቀዘቀዘ ዓሣ ነው።

እኛ የሐይቅ ከተማ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም ነበር። ቤት ስንሠራ በሩን ወደ አስፋልቱ፣ ጓሮውን ወደ ውሃው አድርገን ነው። ልክ ነበርን። ገበያተኛ የሚመጣው በአስፋልቱ ነው፣ ዘመድ የሚመጣው በአስፋልቱ ነው፣ መርዶም ቢሆን በአስፋልቱ ነው የሚመጣው። ከሐይቁ በኩል የሚመጣ ዓሣና ብርድ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የሰጠመ ሰው። ውብ መሆኑን የነገሩን ሌሎች ናቸው። ደጋግመው ሲነግሩን ጊዜ አመንናቸው።

እኔ የከተማውን የውሃ ቆጣሪ ሳነብ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ያልገባሁበት ግቢ ስለሌለ ከየትኛው ሰገነት ላይ ምን እንደሚታይ አውቃለሁ። ይህ እውቀት አንድ ቀን ይፈለጋል ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ዛሬ እንግዳ የመጣበት ሁሉ ይደውልልኛል። «ጋሽ ተፈራ፣ የት እንውሰዳቸው?» እኔም እንደ ሐኪም እጠይቃለሁ። አዛውንት አሉ? እንግዲያው ደረጃ ያለው አይሆንም። ሕፃን አለ? ውሃ ዳር አይሆንም። ከሰዓት ነው? ነፋሱ ከሐይቁ ስለሚነሳ ጃንጥላ የተከሉትን ተዋቸው፣ ጃንጥላው ከነጥላው ይሄዳል። ዓሣ ከሚበለትበት ራቁ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ትከሻችሁ ሥር ቆሞ ጉርሻ ይጠብቃል። አንድ የማይሻር ሕግም አለኝ፤ እይታው ባማረ ቁጥር ሽንት ቤቱ ይርቃል።

ይመር ግን አልደወለም። እሱ ስልክ ለሐዘን ብቻ ነው የሚያነሳው። ቤቴ ድረስ መጣ።

ይመር አብሮ አደጌ ነው። ማሳው አርዲቦ ዳር ነው፤ ከከተማችን ሽቅብ ተወጥቶ የሚደረስበት ትንሹ ሐይቅ ጋ። ሚስቱ አሚና ካረፈች ወዲህ አንገቱን ደፍቶ አርሶ አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ሰው ሆኗል። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ሐዋ ትባላለች፤ ውጫሌ ላይ ነርስ ናት። በየጁምዓው ትመጣለች፣ እንደ እናቷ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከአባቷ ጋር ማሳ ትውላለች።

«ልጄን ሊጠይቁ ሊመጡ ነው» አለኝ፣ ደስታውንም ሐፍረቱንም እኩል ይዞ። «ሰዎቹ የአዲስ አበባ ናቸው። ወላሂ ቤቴ ባደርገው ደስታዬ ነበር። ግን አሚና ከሞተች ወዲህ ቤቴ አፍ የለውም። እንግዳ ገብቶ ቤቱ ዝም ሲለው ምን ይባላል? ደጅ ይሁን። ይህን ነገር አንተ ታውቅበታለህ አሉ፣ ምረጥልኝ።»

ለማማረጥ ወጣን። ልጅቱ ያለችው እዚያ ነው ብለን መጀመሪያ ውጫሌ ሄድን። የአምባሰልን ገደል ፊት ለፊት የሚያሳይ ሰገነት አለ፣ ልብ ያቆማል። ይመር ገደሉን ሲያየው ቆየና «ይሄ ለመጣላት እንጂ ለመዛመድ አይሆንም» አለ። ተመለስን። ከተማችን መሐል አንድ ፎቅ ላይ ወጣን። ሐይቁ በቆርቆሮ ጣሪያዎች መካከል እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ይመር የጠየቀው ስለ ሐይቁ አልነበረም። «የልጁ እናት ጉልበቷን ቢያማትስ? ዐሱር ሲደርስ የት ይሰግዳሉ?» በመጨረሻ ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ የሚያወጣ ቤት አገኘን። ውዱእ የሚደረግበት ውሃ አለው፣ መስገጃ የሚነጠፍበት ንጹህ ሣር አለው። ዓሣ ብቻ ነው የሚሠራው። ይህም ጥሩ ነበር፤ እኔ የክርስቲያን ልጅና እሱ የሙስሊም ልጅ ከአንድ ሰሃን የምንቆርሰው ሥጋ ዓሣ ነው። ቢላዋው የማን ነው፣ ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅበትም። የእኛን አገር ሰው አንድ ገበታ ላይ በማስቀመጥ ዓሣን የሚያህል ሽማግሌ አላየሁም።

ሰዎቹ መጡ። ልጁ ጀማል ይባላል። ሐዋ ደሴ ስትማር ነው የተዋወቁት፤ ለስላሳ፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ዘሃራ አብረው አሉ። ንግግሩን የያዘው ግን ታላቅ ወንድሙ ከማል ነበር። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ጀማልን ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ሥራ ያስያዘውም እሱ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከመኪናው ሲወርድ ይመርን ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ነካው፣ እኔን «ጋሼ» አለኝ፣ እናቱን ደግፎ አስቀመጠ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለን ነበር።

ምሳው አማረ። ወይዘሮ ዘሃራ እሾሁን እየለቀሙ ሐዋን አጎረሷት። «ብዪ ልጄ፣ እናት የላትም ብለው እንዳያስርቡሽ» አሏት። ሐዋ አንገቷን ደፋች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ዓይኗ ግን ረጥቦ ነበር። ይመር ይህን አይቶ ፊቱ ተፈታ። አሚና ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እጅ ከታጠብን በኋላ ከማል ስልኩን አወጣ። «አባቴ፣ ልቤ የተነካው ጀማል ይቺን ፎቶ ያሳየኝ ዕለት ነው» አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሐዋ አባቷ ማሳ ላይ ቆማለች፣ ሻሿን ነፋስ ይዞታል፣ ለሚያነሳት ሰው ከልቧ ትስቃለች። ከማል ፎቶውን በሁለት ጣቱ ዘረጋው። ፊቷ ሊቀርብ ነው ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ወደ ጎን ሸሸና ስልኩን ሙሉ ውሃ ሆነ።

«እዩልኝ ይሄን ቪው!» አለ። «ቦታው የእርስዎ ነው አሉ?»

«የአላህ ነው» አለ ይመር። «የማርሰው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሳናየው እንሂድ?»

እንግዳ ነውና እምቢ አይባልም። አርዲቦ ወጣን። ማሽላው ራሱን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ከማል በመሐሉ እየሰነጠቀ ገባ። ይመር ከኋላው እየተከተለ የታጠፈውን አገዳ ያቃናል። «እዚህ ጋ ቴራስ ይወጣል» ይላል ከማል። «እዚህ ጋ መኪና ይቆማል። ወንበሮቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ ውሃው። እዚህ አገር ይሄ ሁሉ ሀብት ተኝቶ ሰው ይራባል እኮ!» ከዚያ የይመርን እጅ ያዘ። መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ ግን ውል የሚባል ነገር አለ፤ ሽርክና የሚባል አለ። ቤተሰብ ከሆንን የእርስዎ የእኛ፣ የእኛ የእርስዎ ነው። በስተርጅና ምን ያለፋዎታል? ቁጭ ብለው ይጦራሉ።

ይመር ጨርሶ ሰማውና «የልጆቹንስ ነገር መቼ ይሁን አላችሁ?» አለ።

«እሱማ ምን ችግር አለው! መጀመሪያ ይሄን ፈር እናስይዝና፣ ሰርጉን ራሱ እዚሁ ቴራሱ ላይ እንደግሰዋለን። የመጀመሪያው ሰርግ የእነሱ ይሆናል።» ይህን ሲል ፊቱ በርቶ ነበር። ትልቅ ስጦታ የሰጠ ነው የመሰለው።

ሐዋ ከኋላችን ቆማ ነበር። «ቤቱ እስኪያልቅ ነው የምንጠብቀው?» አለች። ከዚያም ወደ ጀማል ዞረች። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ጀማል ወንድሙን አየ። እናቱን አየ። ጫማው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ አየ። «እንግዲህ... ከማል አይቶ ነው» አለ።

ወይዘሮ ዘሃራ ብቻ «ኧረ ልጆቼ፣ ይሄ ዛሬ የሚወራ ነው?» ብለው ለብቻቸው አጉረመረሙ። ሰምተን እንዳልሰማን አለፍናቸው።

በሳምንቱ ይመር ጠርቶኝ ሄድኩ። ሐዋም ነበረች። ውሉን ሊፈርም መወሰኑን ሲነግረኝ ወደ እኔ እንጂ ወደ እሷ አልተመለከተም። «ሰው ለልጁ ከመሬት የሚበልጥ ምን አለው? እኔ ነገ ሟች ነኝ። እሷ ሰው ትያዝ» አለ።

«አባ» አለች ሐዋ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። «እኔን ሊያዩ መጥተው ሐይቅ አይተው ሄዱ። ሐይቁን ያግቡ።»

«ልጁ ይወድሻል።»

«ይወደኛል። ምን አደረገልኝ?»

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ሆነሽ ብትቀሪስ? እናትሽ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ?»

«እናቴ ብትኖር ትፈርም ነበር?»

ይመር «እናትሽ ብትኖርማ ምሳውን ደጅ አንበላም ነበር» አለ።

አልፈረመም። ጀማል ጥቂት ወራት ይደውል ነበር፤ ሐዋም ታነሳለት ነበር። አንዴ ብቻውን በሚኒባስ ውጫሌ ድረስ መጥቶ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲጠብቃት ዋለ። «ወንድምህን ነግረኸዋል?» ስትለው አልነገርኩትም አላት። ቡና እንኳ ሳትጋብዘው ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችው። ያለቀሰው እሱ ነው ብላኛለች። እሷ ማልቀሷን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ከዚያ ስልኩም ቆመ።

የከማል ነገር ግን አልቆመም። ከይመር ማሳ በላይ ያለው ዳገት የጎረቤቱ ነው፤ ድንጋያማ ስለሆነ እህል አያበቅልም። የጎረቤቱ ልጆች ደስ ብሏቸው ተዋዋሉ። እኔም ብሆን እዋዋል ነበር። ቴራሱ ወጣ፣ ወንበሮቹ ተደረደሩ፣ ፊታቸው ወደ ውሃው ሆነ። በየሳምንቱ መጨረሻ መኪናው እስከ መንገዱ ይሰለፋል። ያማረ ቤት ነው፤ መዋሸት አልችልም።

ባለፈው በልግ ከአዲስ አበባ የመጡ የእህቴ ልጆች ካልሄድን ብለው ያዙኝ። ሌላ ቤት ባሳያቸው፣ ሌላ ምክንያት ብደረድር አልሰማ አሉኝ። ሄድን። ጫፍ ላይ ያለውን ጠረጴዛ ሰጡን። አርዲቦ እንደ መስተዋት ተዘርግቷል፤ ከሐይቁና ከእኛ መሐል ደግሞ አንድ ሰው በሁለት በሬ ያርሳል። የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ «ውይ፣ እንዴት ያምራል! እንዴት ያለ የተረጋጋ ኑሮ ነው!» አለች። በአጠገባችን ያሉትም ያነሱታል። ከበስተኋላችን አንድ ሰው በሬዎቹ ወደዚህ እስኪዞሩ እንዲጠብቁ ጓደኞቹን ይመክራል።

ተነስቼ ቁልቁል ወረድኩ። ይመር አየኝና በሬዎቹን አቆመ። ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ከላይ ነህ?» አለኝ።

«የእህቴ ልጆች አምጥተውኝ ነው።»

«አብሽር፣ ምን አለበት። ዓሣው እንዴት ነው?»

«ገና አልመጣም። ሐዋስ? ዛሬ ጁምዓ አይደል?»

ሞፈሩን ይዞ ወደ ውሃው አየ። «መምጣት ትታለች። ቤት ትመጣለች፣ ማሳ አትወርድም። እነዚያ እያዩኝ አላርምም ትላለች። እውነቷን ነው፣ ወጣት ናት። እኔ እንኳ...» ቀና ብሎ ወደ ቴራሱ አየ፤ ከላይ ብዙ ስልኮች ወደ እሱ ዞረው ነበር። «እኔ ለምጄዋለሁ። የት እሄዳለሁ?»

እኔም ቀና ብዬ ስልኮቹን አየሁ። እሱ ግን ከሐሳቤ ሊያወጣኝ ነው መሰል «ሂድ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለኝና ጅራፉን አነሳ።

ዳገቱን ወጣሁ። ዓሣው ቀርቧል፤ የእህቴ ልጆች ፎቶ እያነሱት ነው። አስተናጋጇ ትሁት ልጅ ናት። ትንፋሽ አጥሮኝ ስታየኝ ወንበሬን ከነበረበት ወደ ጫፉ ሳበችልኝና «አባባ፣ እዚህ ይሻልዎታል» አለችኝ። «ከዚህ ሁሉም ነገር ይታያል።»

ተቀመጥኩ።