አልጋውን ማን ይመርቅ?

ዘንድሮ የሚቆጡት ሰው ማግኘት እንዴት ከባድ ሆኗል! ድሮ ጫማ ሲጠባችሁ ሰፊው ዘንድ ትሄዱና “ምነው አንተ ሰውዬ፣ እግሬ ምን በደለህ?” ትሉት ነበር። እሱም “እግርዎ ነው ያበጠው” ይላችኋል፤ ተነታርካችሁ፣ ተሳስቃችሁ፣ ጫማው በመጠኑ ሰፋ ብሎላችሁ ትመለሳላችሁ። አሁንስ? ጫማው የት አገር እንደተሠራ ሻጩም አያውቅ። ቁጣው ዞሮ ዞሮ የገዛ እግራችሁ ላይ ያርፋል። እኔ በቀደም አውራ ጣቴን ስሰድብ ባለቤቴ ሰምታ “ጤና ነው?” ብላኛለች። ጤናስ ጤና ነው፤ ግራ ገብቶኝ ነው እንጂ።

ቁጣው እንኳ ይቅር። ምርቃቱስ?

እኛ አምቦዎች የሙሽራ አልጋ ያለ ምርቃት ከሠሪው እጅ አናወጣም። አናጺው መዳፉን ራስጌው ላይ ያሳርፍና ይመርቃል፤ ወሳጁ ቤተሰብ “ሃ ተኡ!” ይላል፣ ይሁን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው አልጋው የሙሽሮቹን ደጃፍ የሚያልፈው። ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው በአቶ ግርማ የእንጨት ሥራ ቤት ይህን የሚያደርጉት ኦቦ ደበላ ነበሩ። ኦቦ ደበላ ራስጌ ላይ የወይን ሐረግ፣ ሐረጉ ላይ ደግሞ ወፍ ይቀርጻሉ። ወፏ እንደ ውሏቸው ትለያያለች፤ ከቤት ተኮራርፈው የወጡ ዕለት ጅራቷ ቀጥ ይላል፣ ደስ ያላቸው ዕለት ደረቷ ይሞላል። የጎረቤቱን አልጋ አይቶ “ይቺስ የኩርፊያ ወፍ ናት” የሚል ሰው ሞልቷል።

አንድ ቀን አቶ ግርማ ስልኩን አውጥቶ ወፏን ፎቶ ያነሳት ጀመር። “ለማስታወሻ ነው፣ ኦቦ” አላቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው አቧራዋን በእጅጌያቸው ጠረጉላት።

ብዙም ሳይቆይ ራስጌ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣ ጀመር። እዚያ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን አለ አሉ፤ ፎቶ ያጎርሱታል፣ ወፍ ይተፋል። አንዷ ወፍ ከሌላዋ አትለይም፣ ኩርፊያ የለ ደስታ የለ። “ከእጅ አይሻል ዶማ” ይባል ነበር፤ ይሄኛው ዶማ ግን ከእጅ ፈጠነና ተቸገርን። አምቦ የቀረው ሥራ ብሎን ማጥበቅና ቫርኒሽ መቀባት ሆነ። ኦቦ ደበላ መሮአቸውን አስቀምጠው ካቻቢቴ ያዙ። ቀጥሎ ካቻቢቴውንም አስረክበው “ሥራ ሲኖር እንጠራዎታለን” ተባሉ።

አቶ ግርማን ክፉ ነው እንዳልል፣ እንጨት ተወዶበት፣ ደንበኛው “ለነገ ካላደረስክልኝ” እያለ ደጁ ላይ ቆሞበት፣ ምን ያድርግ? ማሽኑን ክፉ ነው እንዳልል፣ ማሽን ነው። ደንበኛውን እንዳልወቅስ ደግሞ ደንበኛው እኔ ነኝ።

የእህቴን ልጅ ሀናን ጉደር ስንድር አልጋው የእኔ ስጦታ ነበርና ከአቶ ግርማ ቤት፣ መራቂ ስለሌለ ሳይመረቅ፣ አስጭኜ ሄድኩ። የሙሽራው አባት ኦቦ ፈይሳ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

“ማን ሠራው? ማንስ መረቀው?”

“ማሽን ነው የሠራው” አልኩ፣ እንደ መምህርነቴ እቅጩን።

“ጥሩ። ይምጣና ይመርቅ።”

“ማሽኑ አዲስ አበባ ነው።”

“ማሽኑን ያዘዘው ሰውስ?”

“እሱም እዚያው ነው።”

“ይቺ ወፍስ የማን ናት?”

“የኦቦ ደበላ” አልኩ።

“እንግዲያው ደበላ ይምጣ” ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት። ሰማዩ ጠቁሯል። አልጋው ውጭ ነው። ሀና በሩ ስንጥቅ ውስጥ ሆና፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ እኔን እኔን ታየኛለች። ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ወደ አምቦ በረርኩ።

ኦቦ ደበላ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው መሮ ይስላሉ። የሚቀረጽ ነገር ሳይኖር ለምን ይስላሉ ብዬ አልጠየቅሁም። ነገሩን ነገርኳቸው።

“መምህር፣ እኔ ከእንጀራዬ ያፈናቀለኝን አልጋ ልመርቅ?”

“ሀና ምን አደረገች፣ ኦቦ?”

“እሷማ ምን አደረገች” ብለው ኮታቸውን አነሱ።

ጉደር ደርሰን መዳፋቸውን ራስጌው ላይ አሳረፉ። ጅራቷን ዳሰሱ፣ ደረቷን ዳሰሱ። “የኔ ናት” አሉ። ደግመው ዳሰሱና “የኔም አይደለች” አሉ። እንዲህ ግራ የተጋባ ፊት አይቼ አላውቅም። ምርቃቱን በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት፦ “ልጆች ይደጉበት፣ በሽታ አይተኛበት፣ ኩርፊያ አይደርበት።” “ሃ ተኡ!” አልን። አልጋው ከዝናቡ ቀድሞ ገባ።

ወሬ መቼ ይደበቃል? የጉደሩ ነገር አቶ ግርማ ጆሮ ደረሰና እውነትም ኦቦ ደበላን ጠራቸው። አዲሱ ሥራቸው ከአልጋው ጋር በአይሱዙ እየሄዱ መመረቅ ነው፤ ሠርጉ ባኮም ይሁን ሸነን። ደመወዝ አለው።

“እጄን አሰናብተው አፌን ቀጠሩት። እንኳን ደስ ያለዎት ትለኛለህ ወይስ እግዜር ያጥናዎት?” አሉኝ።

የቱን ልበል? “እንደው እግዜር ያውቃል” አልኩ፤ ነገሩ ያልገባን ሰዎች የምንሸሸገው እዚያ ነውና።

ባለፈው ቅዳሜ መናኸሪያው አጠገብ አገኘኋቸው። ፊታቸው ልክ ያን ቀን ጉደር ያየሁትን መስሏል።

“ትናንት ግርማ ምርቃቴን በስልኩ ቀዳው” አሉኝ። “ለማስታወሻ ነው አለኝ።”

“እርስዎስ ምን አሉት?”

“ምን እላለሁ፣ መምህር? ድምፄ ጥርት እንዲልለት ጉሮሮዬን ጠረግሁለት።”