ለቅሶ የሚደርሱት፣ ሞት የማይሰሙት ሊቀመንበር

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ግን አንባቢዬ፣ አገሮች ወረርሽኝ ሲገባባቸው የሟቾቻቸውን ቁጥር የሚያሳንሱት ለምን ይሆን? እኔ የማውቀው የእኛን ቀበሌ ብቻ ነው፤ ዱቦ አጠገብ ናት።

ተቅማጡ በገባበት ክረምት ሊቀመንበራችን ከአንድም ቀብር አልቀሩም፤ ለቅሷቸውም ከዘመድ ይብስ ነበር። ሶዶ ወዳለው ጤና መምሪያ ሲደውሉ ግን «እኛ ዘንድ የሞተ የለም» ይላሉ። ቀበሌያችን ሞዴል ተብላ ባንዲራ ተሸልማለቻ! በሞዴል ቀበሌ ማን በተቅማጥ ይሞታል?

ባሏን የቀበረችው ማርታ ልጆቿም ሲታመሙባት ለመነቻቸው።

«ጋሼ፣ አብረውን ቀብረው የለ? ይንገሩና ሐኪም ይላኩልን።»

«ልጄ፣ እኔ የቀበርኩት እንደ ጎረቤት ነው። እንደ ሊቀመንበር ገና አልሰማሁም።»

በማግስቱ ሌላ ሰው ሞተ። ሊቀመንበሩ እያለቀሱ ሲመጡ ሴቶቹ መንገዱን ዘጉባቸው።

«ጋሼ፣ ማን ሞቶ ነው የሚያለቅሱት?» አለች ማርታ። «ቤትዎ ይግቡ።»

በእኛ አገር ከለቅሶ መባረር ከሥልጣን ከመውረድ ይከፋል። ሊቀመንበሩ እዚያው ቆመው ሞባይላቸውን አወጡና ሟቾቹን በየስማቸው እየጠሩ ለሶዶ ተናገሩ። ሐኪሞቹ የውኃ ማከሚያ ይዘው ደረሱ፤ የማርታም ልጆች ዳኑ። ወረርሽኙ ጨርሶ የቆመው በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ዋዜማ ነው።