የክቡር ጠበቃ ላቀው የድርድር ጥበብ

የጎንደር ከተማ የፍትሕ ታሪክ በሁለት ዘመን ይከፈላል፤ ጠበቃ ላቀው የድርድር ሥልጠና ከመውሰዳቸው በፊትና ከወሰዱ በኋላ። ሥልጠናው አምስት ቀን ሙሉ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተሰጠ ሲሆን ንድፈ ሐሳብ፣ ክህሎትና የሻይ እረፍት በሚገባ ተካተውበታል። ጠበቃው የምስክር ወረቀታቸውን ፒያሳ ባለው ቢሯቸው ከሰቀሉ ወዲህ እንደ ተራ ሰው መነጋገር አቁመዋል። ባለቤታቸው ምሳ ይቅረብ ወይ ስትላቸው እንኳ የመጀመሪያውን ሐሳብ ወዲያው መቀበል ድክመት ነው ብለው ሁለት ቀን ጦማቸውን ውለዋል።

ጥበቡ በተግባር የተፈተነው በወይዘሮ ብርነሽ ጉዳይ ነው። ብርነሽ ከዳባት ገጠር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። የባሏ ታላቅ ወንድም አያ አለኸኝ ወሰን ገፍቶ ግማሽ ማሳዋን አርሶባታል። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያን ማሳ ካልዘራች ልጆቿ የዓመት ቀለብ የላቸውም።

በድርድሩ ቀን አለኸኝ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ፣ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ወደ ጠበቃው ቢሮ ፎቁን ወጣ። በሩ ላይ አጎንብሶ፣ «በድዬሻለሁ፤ መሬትሽን እመልሳለሁ፤ ስለ ማርያም ማሪኝ» አለ። አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። ተበዳይ «ጣለው» ትላለች፣ ድንጋዩ ይወርዳል፣ ነገሩ ያልቃል። ዝም ካለች ግን ይቅርታውን ረገጠችው ማለት ነው።

ብርነሽ አፏን ልትከፍት ስትል ጠበቃው ክንዷን ያዙ።

«ዝም ይበሉ» አሏት በጆሮዋ። «ተቃራኒው ወገን ጫና ውስጥ ነው።»

«ምነው ጌታዬ፣ ሰውየው እኮ ደከመው።»

«እሱን ነው የምልዎት። ትንሽ ቢቆይ የራሱንም ማሳ ይጨምራል።»

የአዛውንቱ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠበቃው ማስታወሻቸው ላይ «አቋሙ ተናግቷል» ብለው ጻፉ። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ አለኸኝ ድንጋዩን ራሱ አውርዶ ማንንም ሳያይ ወጣ። ብርነሽ አለቀሰች። ጠበቃው ግን የመጀመሪያው ዙር በስኬት መጠናቀቁን አብስረው ሁለተኛውን ዙር ለጥቅምት ቀጠሩላት።

እንዲህ ያለ ድል ተሸሽጎ አይቀርም። በሳምንቱ ጠበቃው ራሳቸው አሠልጣኝ ሆነው በዚያው አዳራሽ ቆሙ። የዝምታን ኃይል እያብራሩ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ብርነሽ ነበረች፤ የጥቅምቱን ቀጠሮ ይተዉት አለቻቸው። ለካ በድርድሩ ማግስት ሽማግሌዎቹን ይዛ አለኸኝ ቤት ሄዳ፣ ዝም ያሰኟት ጠበቃው መሆናቸውን ነግራው ታርቀዋል። ወሰኑም ተመልሷል፤ ዛሬ አለኸኝ በራሱ በሬዎች ማሳዋን እያረሰላት ነው።

«በየትኛው ስልት አሳመኑት?» አሉ ጠበቃው ድምፃቸው ተለውጦ።

«ምን ስልት አለው ጌታዬ፤ እርስዎ አልነበሩማ።»

ጠበቃው ስልኩን ዘጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ሠልጣኞቹ ዞሩ።

«ይህን ጻፉ» አሉ። «ባለጉዳይን ከባላጋራው ጋር ብቻውን እንዳትተዉ። ይታረቃሉ።»

አዳራሹ በሙሉ ጻፈ።