ሽገዞ በዘጠኙ ፍልውኃዎች ላይ እንደ ዘመቱ

በክቡር ሽገዞ ኦባታ ዘመነ ሹመት፣ በሕዝብ መታጠቢያው ገንዳ ከፍልውኃው መውረጃ ሥር በተቀመጡ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ ሐሙስ እንዲህ ሆነ። ያች መቀመጫ ውኃው ከምድር እንደ ወጣ የሚወርድባት፣ ከሁሉ የምትፋጅ፣ ስለዚህም ከሁሉ የከበረች ናት። በእሷ ላይ ሆነው ገንዳውን ለማብረድ ቀዝቃዛ ቧንቧ የሚከፍተውን እንግዳ ሁሉ ሲገሥጹ የኖሩ፣ የምላጭ ጌታ፣ የጢም መቅሠፍት፣ ጡረተኛው ጸጉር አስተካካይ እርሳቸው ናቸው።

ወእምዝ ዓሣ ነጋዴው ያሱኬ ቅናት ገብቶት፣ ሽገዞ ሰው ሲወጣላቸው ቀዝቃዛውን ይከፍታሉ ብሎ አስወራ። ይህም ከጆሯቸው በደረሰ ጊዜ እጅግ ተቆጡ፣ እንቅልፍም አጡ፣ በመታጠቢያውም ደጅ ቆመው አዋጅ ነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። የከተማችንን ዘጠኝ መታጠቢያ ዛሬ በአንድ ቀን እገባቸዋለሁ። እጄ ቀዝቃዛ ቧንቧ ከነካ መቀመጫዬን ያሱኬ ይውሰዳት። አንተም ወሬኛ፣ ወንድ ከሆንክ አብረኸኝ ግባ።»

ስለዚህ በእንጨት ጫማ ድንጋዩን እያንኳኩ ዘመቱ፤ ያሱኬም፣ ፖስተኛ የነበረው ኩራታ የተባለውም፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሠራው ጉልበቱን የሚያመው ሰውም፣ ሥራ የፈታ ሁሉ ተከተላቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኪኑም ማንም ሳይጠራቸው የራሳቸውን ሳፋ ይዘው በየሴቶቹ በር ገቡ። ሽገዞ ለመግባታቸው ምስክር እንዲሆን በየደጁ በተቀመጠው ማኅተም ፎጣቸውን እያተሙ ስምንቱን አስገበሩ።

ዘጠነኛው ግን እንቁላል የሚቀቅል ነበር። ገላቸውን እንደ ሥርዓቱ ታጥበው እስከ አንገታቸው ገቡ፣ ከፊታቸውም ያሱኬ እንደ በርበሬ ቀልቶ ገባ። ሽገዞ ዓይናቸው ወደ ቧንቧው ሄደ፣ መለሱት፣ ደግሞ ሄደ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንዲት የእጅ ዙር ልታልፍ ሆነች፤ ማልቀስም አማራቸው።

በዚያን ጊዜ ውኃው ከእግራቸው በኩል ለዘብ አለ። ሠራዊቱም ሽገዞ እሳቱን ገዘቱት ብሎ አደነቀ። ነገር ግን ወንዱንና ሴቱን የሚለየው ግድግዳ ታች አይደርስም፣ ውኃውም አንድ ነው፤ ከግድግዳው ማዶ የኪኑ አዋጅ ተሰማ፦

«ሽገዞ፣ በእኛ በኩል ያለውን ቀዝቃዛ ከፍቼልሃለሁ። ተቀቅለህ ብትቀር ማን ተሸክሞ ያወጣሃል? ወገቤን እንደሆነ ያመኛል። ይበቃሃል ወይስ ልጨምር?»

ክቡርነታቸው በኀፍረት እስከ አፍንጫቸው ጠለቁ፤ ያለቀላቸው መሰላቸው። ያን ጊዜ ባላንጣቸው ያሱኬ በቀጭን ድምፅ አወጀ፦ «ኪኑ እህቴ፣ በሞቴ ትንሽ ጨምሪበት።»

ስለዚህ መቀመጫዋ ለሽገዞ ጸናች፤ እጃቸው ቧንቧ አልነካምና። ስብሐት ለጽኑው ሽገዞ፣ ሞገስ ለታጋሹ ያሱኬ፤ ክብር ግን ሁለቱንም ሳይቀቀሉ ላወጣች ለኪኑ ክንድ ይሁን፣ እስከ ዘመናት ፍጻሜ።